አባቴ ያጠበቀው ቋጠሮ

መውደቅ የተማርኩት ጪጩ፣ ከቡና መፈልፈያው ጀርባ፣ የገለፈት ክምር ላይ ነው። ፈረስ በአጠገቡ አልነበረም። የነበረው ከወገቤ ትንሽ ከፍ የሚል የግንብ አጥር፣ አጥሩ ላይ የቆምኩት እኔ፣ ከታች ደግሞ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ሽቅብ የሚያዩኝ አንድ ሰውዬ ናቸው።

«ዝለይ» አሉኝ። ዘለልኩ።

«እጅሽን ለምን ትዘረጊያለሽ?»

«ልደገፍበት ነዋ።»

«መሬት ድጋፍ አይሆንሽም፤ ክንድሽን ሰብሮ ነው የሚመልስልሽ። አገጭሽን ወደ ደረትሽ፣ ክንድሽን ሰብሰብ፣ በትከሻሽ ተንከባለይ። ድጋሚ።»

ድጋሚ ወጣሁ፣ ድጋሚ ወደቅኩ። የቡና ገለፈት ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ይቆረቁራል። አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ሰው ፊት ሊያወጡት የማይቻልበት ቦታም ይገባል። አብረውኝ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ለምሳ ሲወጡ ቆመው ያዩኝና ይስቁ ነበር። አንዷ «እኛ እንዳንወድቅ ጸልዩልን እንላለን፣ ይቺ ደግሞ ለመውደቅ ትሰለጥናለች» አለች። እኔም ሳቅኩ። ምን ልበል፣ እውነቷን ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ ዲላ አንድ ክፍል ተከራይቼ በየጠዋቱ በባጃጅ ጪጩ የምመላለስ ለቃሚ ነበርኩ። የተበላሸውን ፍሬ ከጥሩው መለየት ነው ሥራው። ሥራው ክፉ አይደለም፤ መቀመጡ ነው ክፉው። እኔ መቀመጥ አልችልም። ትምህርት ቤት እያለሁም አንዱ መምህራችን «ከሥርሽ ጉንዳን አለ እንዴ?» ይለኝ ነበር። የተወለድኩት ከዲላ ሽቅብ፣ ቡሌ ደጋ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ለቡና ይበርዳል፤ ገብስ፣ እንሰት፣ ቀርከሃና ፈረስ ነው ያለው። አባቴ አንዲት ዳማ ባዝራ አለችው፤ በሳምንቱ ቀርከሃ ገበያ ታደርሳለች፣ እሁድ እሁድ ታርፋለች። እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ አላሳርፋትም ነበር።

ሰውዬውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በፈረሰኛ ፖሊስነት ነው የጨረሱት። ጡረታ ሲወጡ ወደ ቡሌ ተመለሱ፣ የእናታቸውን መሬት ያርሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሜዳ ላይ ግንድ መደርደር ጀመሩ። ሰው አበዱ አለ። ቆይቶ ነው ያበዱት ሌሎች እንደሆኑ የገባን።

እኛ ጋ የፈረስ ውድድር ማለት ግልቢያ ነው። በዓል ሲሆን ሜዳው ጫፍ ላይ ይሰለፉና እስከ ዛፉ ድረስ ይጋልባሉ። ቀድሞ የደረሰ ጀግና ነው፤ የወደቀ ይነሳል፤ ያልተነሳም ይነሳል ተብሎ ይጠበቃል። ታዲያ ከዞኑ አዲስ ዓይነት ውድድር ይጀመር የሚል ነገር መጣ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሜዳ፣ ሦስት ነገር። መጀመሪያ ፈረስን በእርጋታ እያዞሩ ማሳየት፤ ያልተገራ ፈረስ እዚያው ይታወቃል። ቀጥሎ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ቦዩን ዘሎ፣ ግንዱን ዘሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ መመለስ። በመጨረሻ ሜዳው ላይ የቀርከሃ አግዳሚዎችን አንድ በአንድ መዝለል። ጋሼ እንደነገሩን ውጭ አገር ይህ በቀናት ተከፋፍሎ የሚካሄድ ነገር ነው። አሁን አሁን እነሱም ተመልካች እንዳይሰለች ብለው አሳጥረውታል።

«ሲያጥር ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ሰው ይሰበራል» አሉን የመጀመሪያው ቀን። «ስለዚህ አጭር ውድድር ረጅም ዝግጅት ይፈልጋል። ያልተስማማው አሁኑኑ ይሂድ።»

የሄዱ ነበሩ። ግልቢያ ፈልገው የመጡ ወንዶች «ይሄ ሰውዬ ፈረስ ላይ መች ነው የሚያወጣን?» እያሉ ተራ በተራ ቀሩ። እኔም እሄድ ነበር፣ ግን የምሄድበት ቦታ ለቀማ ነው።

ቅዳሜና እሁድ ቡሌ ሜዳ ላይ ነበር የምንማረው፤ በሥራ ቀን ደግሞ ጋሼ ዲላ ሲወርዱ በምሳ ሰዓት ጪጩ ጎራ እያሉ እኔን ያስዘልሉኝ ነበር። መማር ስንጀምር ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ እኚህ ሰው ማስፈራራት አይወዱም፤ ያሳያሉ። የጫማውን ጉዳይ ልንገራችሁ። የደጋ ሰው ሲጋልብ ባዶ እግሩን ነው። እርካቧ ትንሽ ቀለበት ናት፣ አውራ ጣት ብቻ ነው የምታስገባው። የወደቀ ሰው ጣቱ ሾልኮ ይወጣል። የአዲሱ ውድድር ደንብ ደግሞ ጫማ አድርጉ፣ ሙሉ እግር የሚገባበት እርካብ ይሁን ይላል። አንዱ ጓደኛችን ደንቡን አከበርኩ ብሎ የጭቃ ቦቲውን አድርጎ ከተፍ አለ። ጋሼ ኮርቻ አምጥተው በርሜል ላይ ጫኑ፣ እሱን ኮርቻው ላይ አወጡትና «ውደቅ» አሉት። ወደቀ። እግሩ ግን አልወደቀም። ቦቲው እርካቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ቀረ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

«በርሜሉ አራት እግር አውጥቶ ሲሮጥ አስቡት» አሉ ጋሼ።

ሳቃችን ወዲያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ሶሉ ልሙጥ የሆነ ሸራ ጫማ ገዛን፤ እርካቡም ከእግራችን በግራና በቀኝ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዲኖረው ተደረገ። ሲጋልቡ ተረከዝ ወደታች፣ እርካቡን በእግር ጣቶች ሥር ብቻ።

የሄልሜቱንም ነገር አልረሳም። የፈረስ ሄልሜት ጋሼ ከአዲስ አበባ ነው ያመጡት፣ ጥቂት ስለሆነ በተራ ነበር የምናደርገው። ኢዲዶ አካባቢ የሚሠራ አንድ ሞተረኛ የሞተሩን ሄልሜት ሊያውሰን ፈቅዶ ነበር፤ ጋሼ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገውት አንገታቸውን ግራና ቀኝ ካዞሩ በኋላ «ከባድ ነው፣ ወደታችም አያሳይም፤ ለመንገድህ ያኑርልህ» ብለው መለሱለት። አንድ ቀን ደግሞ ከመካከላችን አንዱ ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ተነስቶ አራገፈ። ሄልሜቱም ምንም የሆነ አይመስልም ነበር፤ ጭረት እንኳ የለውም። ጋሼ ተቀብለው ማሰሪያውን በቢላዋ ቆረጡት።

«ኧረ ጋሼ፣ ደህና ዕቃ» አልኳቸው። እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር። እንኳን የሚጣል፣ የሚበቃም አልነበረንም።

«ይሄ ዕቃ ሥራው አንድ ጊዜ ነው። ሠርቷል። ውስጡ መድከሙን ከውጭ አታዪውም።»

በማግስቱ ግቢያቸው ስንደርስ ዶሮዎቻቸው ከሄልሜቱ ውስጥ ውኃ ይጠጡ ነበር። ማንም እንዳይሳሳት ብለው ነው። ዶሮዎቹም የደላቸው ይመስሉ ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ፈረሷ የሱ ናት። እሱ ካልፈቀደ እኔ ገለፈት ላይ ስወድቅ እኖራለሁ እንጂ የትም አልደርስም። አባቴ ደግሞ ወንድሙን ፈረስ ሲጎትትበት ቆሞ ያየ ሰው ነው። አጎቴ በወጣትነቱ ለበዓል ግልቢያ ከከተማ አዲስ ኮርቻና አዲስ ጫማ ገዝቶ መጣ፣ ሰው ሁሉ ከቦ አደነቀለት። ወደቀ። እግሩ አልለቀቀውም። ፈረሱ ሜዳውን ሙሉ ጎተተው። አልሞተም፤ ዛሬም በምርኩዝ እየሄደ በር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ያዋራል። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ የበዓል ሜዳ ሄዶ አያውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠይቀው ገብስ እያጨደ ነበር። ቀና አላለም። ቤታችን የሚወራው ጌዴኡፋ ነው፣ በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ይለሳለሳል።

«ለውድድሩ ውጪ» አለኝ። «ግን አንድ ነገር ስሚ። ከወደቅሽ ዳማዋን በሳምንቱ ገበያ አወጣታለሁ። አንቺም ከዚያ ወዲያ ኮርቻ የሚባል ነገር አትነኪም።»

«ጋሼ እኮ መውደቅ እያስተማሩን ነው።»

«ያ ፖሊስ ያስተምር። እኔ ግን አይቻለሁ።»

ተከራክሬ ነበር። እኔ የማልከራከርበት ነገር የለም። እናቴ ናት በዓይኗ «በቃሽ» ያለችኝ። ስለዚህ ውሉ ይሄ ሆነ፤ ካልወደቅሁ ዳማዋ የኔ ናት፣ ከወደቅሁ የገበያ ናት።

የአግዳሚዎቹን ነገር ጋሼ ከሁሉም ነገር አስበልጠው ነው ያስተማሩን። ሁለት ቋሚ ይተከላል፣ በመካከላቸው ቀርከሃው ይጋደማል። ቀርከሃው ከቋሚው ጋር የሚታሰረው በደረቀ የእንሰት ልጥ ነው፤ አንድ ዙር፣ አንድ ቋጠሮ፣ አለቀ። ነፋስ እንዳይጥለው ያህል ብቻ። ፈረሱ በጉልበቱ ከነካው ልጡ ይበጠሳል፣ ቀርከሃው ይወድቃል፣ ፈረሱ ያልፋል፣ ጋላቢው ነጥብ ይቀነስበታል።

«ከፈረስና ከአግዳሚ አንዱ መውደቅ አለበት» ይሉን ነበር። «አግዳሚው እምቢ ካለ ፈረሱ ይገለበጣል። ፈረሱ ሲገለበጥ ከሥሩ ማን እንዳለ አስቡት።»

በእግር ያልሄድንበትን በፈረስ እንዳንሄድበትም ከልክለውን ነበር። ከውድድር በፊት መንገዱን በእግራችን እንዞራለን። ቦዩ ዳር አፈሩ ረጥቦ እንደሆነ እንረግጣለን፣ ወንዙ ውስጥ ድንጋዩ ተንሸራትቶ እንደሆነ እንዳብሳለን፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ እናያለን። ፈረስ ጥላን ጉድጓድ ነው ብሎ ያስባልና። እያንዳንዱን አግዳሚ ደግሞ በአንድ እጃችን እንገፋለን። ከወደቀ ጥሩ፣ አንስተን እናስረዋለን። ካልወደቀ እሳቸውን መጥራት ነው።

የውድድሩ ዋዜማ ጋሼ የእንስሳት ሐኪሙንና ለውድድሩ የታዘዙ ሄልሜቶችን ሊያመጡ ዲላ ወረዱ። እኔም ከጪጩ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቡሌ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ሜዳው ሰው ሞልቶ ነበር። ድምፅ ማጉያው መዝሙር ያሰማል፤ ቆሎ ሻጮች ቦታ ይዘዋል። ጋሼ ከመኪናው ሳይወርዱ ዣንጥላ የያዘ ሁሉ ዣንጥላውን እንዲያጥፍ አስነገሩ፤ ፈረስ ድንገት በሚከፈት ዣንጥላ ይበረግጋልና። ቀጥለው ፈረሶቹን ሐኪሙ ፊት በሶምሶማ አስሮጧቸው። የእህታቸው ልጅ ፈረስ፣ አንደኛ ይወጣል የተባለለት፣ የፊት እግሩን ትንሽ ይቆጥብ ነበር። ሐኪሙ ጋሼን አየ።

«እኔን ምን ታያለህ? ፈረሱን እይ» አሉት።

ፈረሱ ተመለሰ። የእህታቸው ልጅ አኩርፎ ሄደ፣ እህታቸውም አኮረፉ፣ እሳቸው ወደሚቀጥለው ፈረስ አለፉ። ይሄን ሳይ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እኔም አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ሰው ብሆን አልኩ። ሳስበው ግን ዘመዶቼ ብዙ ናቸው።

ከዚያ መንገዱን ልዞር ወጣሁ። ቦዩ ደህና ነው። ግንዱ ደህና ነው። ወንዙ ትንሽ ሞልቷል። ወደ ሜዳው ተመልሼ የመጀመሪያውን አግዳሚ በእጄ ገፋሁት። አልወደቀም። በሁለት እጄ ገፋሁት። ንቅንቅ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የእንሰቱ ልጥ የለም፤ በቦታው ጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ሰማያዊ ናይሎን ገመድ፣ ዙር በዙር ላይ ተጠምጥሞ፣ ከሥሩ ደግሞ ሽቦ ተጨምሮበታል። ቀጣዩም እንደዚያው። ሁሉም እንደዚያው። በጣም የሚያምር አስተሳሰር ነበር፤ ገመዱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን፣ ቋጠሮው ሁሉ ወደ ውስጥ።

እኔ ያንን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። የላማችን በረት እንደዚያ ነው የታሰረው።

አባቴ ከአግዳሚዎቹ ማዶ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የበዓል ሜዳ ላይ ሳየው ልቤ ሞቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ገባኝ። ጋሼ በሌሉበት ማለዳ ደቦ ጠርቶ ነው። ከዲላና ከይርጋጨፌ እንግዳ ይመጣል፣ የኛ ሜዳ አጥር በቅጠል ታስሮ ሊታይ ነው፣ ይሄ ነውር ነው ብለው። እኛ አገር አጥር የሰው ፊት ነው። አጥሩ የላላ ሰው በለቅሶ ቤት እንኳ ይቀለድበታል። ከነውሩ በላይ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እንዳልወድቅ ነው። አባቴ እኔ እንዳልወድቅ ብሎ የሚያውቀውን ሁሉ ጥንካሬ አንድ ላይ ቋጥሮታል።

ጠጋ ብዬ «አባዬ፣ ማን ነው ያሰረው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«እኔ። እነሱም አግዘውኛል። ቅጠል ነበር እኮ ያሰሩበት፣ ልጄ። ድመት ብትደገፈው ይወድቅ ነበር።»

«እንዲወድቅ ነው የታሰረው።»

ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ ጎረቤታችን «ትምህርት እንዲህ ነው። ለመፍረስ የሚታጠር አጥር» አለና ተሳሳቁ። ሌላው «የአባቷን አጥር የምትፈታ ልጅ ለባሏ ምን ልትተውለት ነው» ሲል ጨመረበት።

«ባሌ አጥር ማሰር የማይችል ከሆነ ይማራል» አልኩት። ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባዬ፣ ይሄ መፈታት አለበት። ሁሉም።»

ፊቱ ተለወጠ። ሰው ፊት ነው ያልኩት፣ አውቃለሁ። ግን ቀስ ብዬ ጆሮው ላይ ልንገረው ብል ጊዜ የለም፤ ድምፅ ማጉያው የመጀመሪያውን ጋላቢ እየጠራ ነበር። ደግሞ እኔ ቀስ ማለት አልችልበትም።

«ከጎህ ጀምሮ ነው ያሰርነው» አለ ዝግ ብሎ። «አንቺ ነሽ የምትወጪው። ካላመንሽው አትውጪ። እኔም ደስ ይለኛል።»

ጋሼን ጠራሁ። መጡ። አግዳሚውን አላዩም፣ መጀመሪያ ያዩት የአባቴን ፊት ነው። ከዚያ ቀርከሃውን በሁለት እጃቸው ይዘው እግራቸውን አነሱና ሙሉ ለሙሉ ተንጠለጠሉበት። አንድ ትልቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንደ ጦጣ። ቀርከሃው ጎበጥ አለ እንጂ ቋጠሮው ፍንክች አላለም።

«ይሄ ቋጠሮ በሬ ይይዛል» አሉ ሲወርዱ። ሹፈት አልነበረም። ገመዱን በጣታቸው እየተከተሉ መረመሩት። «በፖሊስ ቤት እንኳ እንዲህ የሚያስር አላየሁም።»

ወንዶቹም ሳቃቸውን ተዉ።

ጋሼ ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ አሉና፣ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ነው የሰማሁት፣ «ወንድምህ የወደቀ ዕለት የእርካቡ ጠፍር ተበጥሶ ቢሆን ኖሮስ?» አሉት።

አባቴ ገመዱን ላይ ታች ዳበሰው። ከዞኑ የመጡት ሰዎች ሰዓት እያዩ ነበር። አንደኛው መጥቶ «ለምንድን ነው የቆምነው?» ሲል ጋሼ በእጃቸው ብቻ መለሱት።

«አዲስ ነበር» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ጠፍሩ አዲስ ነበር። ሁላችንም እየጎተትን አይተነው ነበር። ጥሩ ቆዳ ነው ብለን።»

ከወገቡ ቢላዋውን አወጣና የመጀመሪያውን ገመድ ራሱ ቆረጠው። ሽቦውን በጥርሱ ሊፈታ ሲል ጎረቤታችን ፒንሳ አቀበለው። ያ ለባሏ ምን ትተዋለች ያለው ሰውዬ ደግሞ ሮጦ ደረቅ ልጥ ፍለጋ ከሰው ጓሮ ገባ። ውድድሩ ዘገየ። ድምፅ ማጉያው መዝሙሩን ደገመው። ማንም አልሞተም።

ጋሼ አባቴን ወደ አራተኛው አግዳሚ ወስደው «ይሄ ያንተ ነው» አሉት። «የሚወድቅበት ሁሉ አንተ ታነሳለህ፣ አንተ ታስራለህ። አንድ ዙር፣ አንድ ቋጠሮ።» አባቴ አሰረው። ጋሼ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ አልወደቀም። «አጥብቀሃል።» ፈታ፣ እንደገና አሰረ። «አሁንም።» አባቴ እጁ ላላ ያለ ቋጠሮ አያውቅም። ሕፃን ፊደል ሲጽፍ እንደሚያደርገው ምላሱን ወጣ አድርጎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስር አየሁትና ሄልሜቴን ለማጥበቅ ዞር አልኩ። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር። ገለፈት እንዳልል፣ ቡሌ ገለፈት የለም።

ተራዬ ደረሰ። ማዞሩ ደህና አለፈ፤ ዳማዋ ቀርከሃ ተሸክማ በገበያ መካከል ያደገች ስለሆነች ሕዝብ አያስደነግጣትም። ቁልቁለቱን ተረከዜን ወደታች አድርጌ ወረድኩ። ቦዩን ዘለለች። ግንዱ ላይ ትንሽ አመነታች፣ በእግሬ ነገርኳት፣ ዘለለች። ወንዙ ውስጥ በእግሬ ያገኘሁትን ጠጣር መሬት ፈልጌ አሻገርኳት። ሜዳው ላይ ስንመለስ ሐኪሙ አስቁሞ ትንፋሿን አዳመጠና «ሂጂ» አለኝ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አግዳሚ። እያንዳንዱን ሳልፍ ከሥሬ ያለው ፈረስ ሳይሆን ነፋስ ይመስለኝ ነበር፤ ይሄን ስሜት በቃል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም።

አራተኛው ላይ ደከማት። ዘግይታ ተነሳች። የፊት ጉልበቶቿ ቀርከሃውን ሲመቱት ድምፁ በአጥንቴ ውስጥ ተሰማኝ። አገጬ ወደ ደረቴ ሄደ፣ እኔ ሳልልከው፤ ክንዴም ተሰበሰበ። ወደ አንገቷ ተንሸራተትኩ፤ አንድ እግሬ ከእርካቡ ሾልኮ ወጣ። ለአንድ ቅጽበት ከጋማዋ በላይ መሬቱን አየሁት፣ ሣሩንም ጭምር። ቀጥሎ ቀው የሚል የቀርከሃ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ወድቋል። ዳማዋ ሁለት እርምጃ ተደነቃቀፈችና ቀና አለች፤ እኔም ተንፏቅቄ ወደ ኮርቻው ተመለስኩ። የቀሩትን አግዳሚዎች እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ዘለልናቸው።

አላሸነፍኩም። በወደቀው አግዳሚ ነጥብ ተቀነሰብኝ፣ ከገደብ ወረዳ የመጣ ጎልማሳ አንደኛ ወጣ፤ ይገባዋል፣ ፈረሱ እንደ ድመት ነበር። እኔ ግን ዳማዋን እየመራሁ ወደ አባቴ ስሄድ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ይሄ እንደ መውደቅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አንገቷ ላይ ነበርኩ እኮ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የፊት እግሮቿን ከጉልበቷ እስከ ሰኮናዋ በመዳፉ ወረደባቸው። ትንሽ ጭረት። ሌላ ምንም የለም። ቀና ሲል ጎረቤቶቹ ከበውት ነበር፣ እሱም ከመሬት የተበጠሰውን ልጥ አንስቶ አሳያቸው።

«አያችሁ እንዴት እንደተበጠሰ? እኔ ነኝ ያሰርኩት» አላቸው።

አጎቴ በምርኩዙ ተደግፎ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሲመጣ አላየሁትም። ልጡን ከአባቴ እጅ ተቀበለው። አገላበጠው፣ በሁለት ጣቱ ጎተተው፣ ቀሪው ክርም ተበጠሰ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ቀጣዩ ጋላቢ እየመጣ ነበርና አባቴ አዲስ ልጥ ይዞ ወደ አግዳሚው ሮጠ።

«አባዬ፣ ዳማዋስ?» አልኩት ከኋላው።

«ምን ሆነች?»

«ገበያ።»

«ወድቀሻል እንዴ?» አለኝ ዞር ሳይል። እያሰረ ነበር። «የወደቀው ቀርከሃው ነው።»

ጋሼ ከሜዳው ማዶ ቆመው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ እኛን ሳይሆን የሚመጣውን ፈረስ ጉልበት ያዩ ነበር።

አሁንም ጪጩ እለቅማለሁ፣ አሁንም መቀመጥ አልችልም፤ ገለፈቱ ላይ ግን አሁን ሌሎችን ነው የማስዘልለው። እጃቸውን ሲዘረጉ እቆጣለሁ። ባለፈው ቡሌ ስወጣ የላማችን በረት እንደ ወትሮው በሰማያዊ ናይሎን ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፣ ሽቦም አለው። ከቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ግን የእንሰት ልጥ፣ በስሱ እየተቀደደ፣ በረድፍ ተሰቅሎ ይደርቃል። እናቴ ጭንቅላቷን ስለሚነካት ተማርራለች። አባቴ ለማንም እንዳትሰጪ ብሏታል፤ ለሚቀጥለው ውድድር ነው።